የጠርዙ ግማሽ

ሰው ሲዋሸኝ ቶሎ አልቆጣም፤ ሰው ቢያንስ የሚዋሽበት ምክንያት አለው። ኮምፒውተር ሲዋሸኝ ግን ደሜ ይፈላል። ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የዲዛይን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ከኮምፒውተሬ ጋር ያልተጣላሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የምርቃት ባነር፣ ሁሉንም የምሠራው መስመርን በመስመርነቱ በሚይዝ የሥዕል ፕሮግራም ነው። እንደ ፎቶ አይደለም፤ የፈለጉትን ያህል ቢያሳድጉት አይደበዝዝም። ይህን ጥሩ ጎኑን አልክድም። ነገር ግን አንድ ሣጥን በሣልኩ ቁጥር «ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል» እያለ ከላይ የሚጽፍልኝን ቁጥር ለዓመታት አንድም ቀን ሳልጠይቀው አምኜው ኖርኩ። ያ እምነቴ በአባቴ መቃብር ላይ አዋረደኝ።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። የተቀበረው ከዳባት ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ በልጅነቱ ዳዊት በደገመበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ካንድ ያረጀ ጽድ ሥር ነው። የእናቴ ወንድም፣ ሁላችንም አያ የምንለው፣ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ለመቃብሩ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ጠርቦ አስተካከለና መሐሉ ላይ ሰሌዳ የሚገባበት ቦታ ጎድጎድ አድርጎ ፈልፍሎ ተወ። በሰሌዳው ላይ የአባቴ ስምና የኖረበት ዘመን ይጻፋል። ከልጆቹ መሐል ከተማ ያለሁትና «ኮምፒውተር የምታውቀው» እኔ ስለሆንኩ ሰሌዳውን የማሠራቱ ነገር ማንም ሳይመክርበት በእኔ ላይ ወደቀ። ለሙት ዓመቱ ፍትሐት መድረስ ነበረበት። እናቴ ከዚያ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም፤ ለድግሱ እንኳን የዚህን ያህል አልተጨነቀችም።

አያ ልኩን የላከልኝ በክር ነው። በእኛ አገር የበርም የመስኮትም ልክ ወደ ከተማ የሚላከው እንዲሁ ነው፤ ሜትር በሁሉ ቤት አይገኝም፣ ቢገኝም አያ አያምነውም። ሁለት ክር፣ ቀዩ የወርዱ፣ ነጩ የቁመቱ፣ ጫፍና ጫፋቸው ተቋጥሮ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ደረሰኝ። ወዲያው ደውሎ፣ «ልኩ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው፤ ቋጠሮውን እንዳትቆጥሪው» አለኝ። እሺ አያ አልኩና ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘረጋሁት። ወርዱ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ሠላሳ አምስት። ከዚህ የቀለለ ሥራ በዚያ ወር አልመጣልኝም።

ከዚያ እናቴ ደወለች። «ዙሪያውን ጠርዝ አድርጊለት፤ ሰፋ ያለ» አለችኝ።

«ቀጭን መስመር ይሻላል እማ። ሰፊ ከሆነ ጽሑፉን ይጫነዋል።»

«ጥለት የሌለው ነጠላ ይመስላል፤ አይሆንም። ሰፋ ይበል።»

እናቴ ዓመቱን ሙሉ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አድርጋ ነው የለበሰችው፤ በአገሩ ወግ ሐዘንተኛ እንዲህ ነው የሚለብሰው። ጥለት ከዓይኗ ሥር ሳይጠፋ የከረመች ሴት ጥለት ብታዝ ምን ይገርማል? ግን ያኔ ይህን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ሥራዬ ውበት ነው። ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ሣጥኑን ሣልኩና መስመሩን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አወፈርኩት። ከላይ ያለው ቁጥር ላይ ሃምሳና ሠላሳ አምስት ብዬ ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙም እሺ ብሎ ተቀበለኝ። በልኬ መሠረት ሁሉም ትክክል ነበር።

ሌዘር መቁረጫ ማሽን የለኝም። አዘዞ፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ጎልማሳ አለው። ሰሌዳውም ከእሱ ነው፤ ሁለት ፊቱ ጥቁር፣ ሲቀረጽ ከሥሩ ወርቃማ የሚያወጣ ወፍራም ፕላስቲክ። ማሽኑ መጀመሪያ ጽሑፉንና ጠርዙን ይቀርጻል፣ ከዚያ የሣጥኑን መስመር ተከትሎ ይቆርጣል። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ስደርስ መብራት የለም። ሻይ ጠጣሁ። መብራት መጣ፣ ማሽኑ ጀመረ፣ መብራት ሄደ፤ እንደገና ሻይ። ሲያልቅ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የስሕተት ዘር የለም። ጠርዙ ብቻ ዓይኔን ቆረቆረኝ።

«ጠርዙ አልቀጠነም?» አልኩት።

«አንቺ የላክሽው ነው» አለኝ፣ እየጠቀለለው።

እናቴ ከእሷ በፊት ማንም እንዳያየው ለምናኝ ስለነበር በወረቀት አስጠቅልዬ በክር አሳሰርኩት፤ ከዚያ ወዲያም አልፈታሁትም። ለክቼ አለማየቴ ቂልነት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሃምሳ ብዬ የጻፍኩትን ነገር ምን ብዬ ነው ሃምሳ መሆኑን የምጠራጠረው?

ግንቦት መጨረሻ ላይ አገር ቤት ወጣሁ። መቃብሩ ላይ እናቴ፣ አያና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ ወረቀቱን በእጇ ፈታች፣ ስሙን በጣቷ ተከተለችው፤ ማንበብ የምትችለው ትንሽ ትንሽ ነው፣ የእሱን ስም ግን ታውቀዋለች። «ሸጋ ነው» አለች። አያ ተቀብሏት ጎድጓዳው ውስጥ አስቀመጠው። ሰሌዳው ተንሸራተተና አንድ ጥግ ላይ ቆመ። ወዲህ ሲያስጠጋው በወዲያ በኩል አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ፤ ወዲያ ሲያስጠጋው በወዲህ። ከላይም ከታችም እንደዚያው።

«ምነው?» አለ አያ ለራሱ። «ክሩ ተሳስቶ ይሆን?»

ከኪሱ ሌላ ክር አውጥቶ ጎድጓዳውን እንደ አዲስ ለካ፤ እኔ ይዤው ከመጣሁት ክር ጋር አስተያየ፤ አንድ ነው። ሽማግሌው በራሱ እጅ ሥራ ሲጠራጠር ሳይ ፊቴ ጋለ። እዚያው ቆሜ ለአዘዞው ሰውዬ ደወልኩና ያልተገባ ቃል ተናገርኩት። እሱም አልተኛልኝም፤ «ፋይልሽ አርባ ስምንት ነው የሚለው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እናቴ ሰሌዳውን አንስታ በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን ጠረገችና አቀፈችው። መልሼ ልውሰደው ስላት፣ «ስሙ ያለበትን ወስደሽ ምን ልታደርጊው?» አለችኝና ወደ ቤት ይዛው ሄደች።

ጎንደር ስመለስ በቀጥታ አዘዞ ወረድኩ፤ ለመጣላት። ሰውዬው ግን ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ጥግ ላይ ከቆሙት ትራፊዎች መሐል የእኔ ሰሌዳ የተቆረጠበትን አውጥቶ አሳየኝ። መሐሉ ባዶ ሣጥን ነው። በባዶው ዙሪያ፣ በአራቱም በኩል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወርቃማ ጠርዝ ተቀርጿል። የጎደለኝ የጠርዙ ግማሽ ትራፊው ላይ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ መስመር ሲሥል መጀመሪያ ውፍረት የሌለው፣ ዓይን የማያየው መንገድ ያሰምራል። ውፍረቱ፣ እኛ በሙያችን ስትሮክ የምንለው፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚለብስ ቀለም ነው፤ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ። በሁለት ማሳ መሐል ሳይታረስ እንደሚቀር ወሰን ማለት ነው፤ እኩሌታው የዚህኛው ጎረቤት፣ እኩሌታው የዚያኛው። ፕሮግራሙ ሃምሳ ያለኝ ከወሰኑ የውጭ ጫፍ እስከ ውጭ ጫፍ ለክቶ ነው። ሌዘሩ ደግሞ ውፍረት የሚባል ነገር አያውቅም፤ መንገዱን ብቻ፣ የወሰኑን መሐል ይዞ ይቆርጣል። እና በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር በላኝ። መስመሩን ቀጭን ባደርገው ኖሮ ልዩነቱ ከፀጉር ስለማይበልጥ ማንም አያውቅም ነበር። እናቴ ያዘዘችው ጥለት ነው ጉዱን ያወጣው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሦስት ቀን ከሰው ጋር በሰላም አላወራሁም። የሚያናድደው ፕሮግራሙ አለመዋሸቱ ነው። «ጠርዙን ጨምረህ ለካ» እና «ጠርዙን ሳትጨምር ለካ» የሚል ምርጫ አለው። የት? በዝርዝር ውስጥ ባለ ዝርዝር፣ እሱም ውስጥ ባለ ሌላ ገጽ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል። ማን ይከፍተዋል? ቤቱን የሚሸጥ ሰው የግቢውን አጥር ቆጥሮ ይሁን ሳይቆጥር ሳይናገር ስፋቱን ቢነግራችሁ ዝም ትላላችሁ? ቁጥሩ አጠገብ አንዲት ቃል ቢጽፍ ምን ይጎዳው ነበር? ቆይቼ ደግሞ የድሮ ሥራዎቼ አንድ በአንድ ትዝ ይሉኝ ጀመር፤ ከፍሬሙ አልገባ ብሎ በመቀስ የተከረከመው የምስክር ወረቀት፣ ጠርዙ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ተቆርጦ የሚወጣው የጥሪ ካርድ። ማተሚያ ቤቱን ስረግም ነው የኖርኩት።

እና ይህን ሁሉ አውቄ፣ ሁለተኛውን ሰሌዳ ደግሞ አበላሸሁት።

መጀመሪያ፣ ምርጫውን ሳላገኘው በፊት፣ መላ ብዬ የያዝኩት ሁለት ሳንቲ ሜትር መጨመር ነበር፤ ሃምሳ ሁለት ብዬ ብጽፍ ሲቆረጥ ሃምሳ ይወጣል። ይቺን ቁጥር በጭንቅላቴ ይዤ ስዞር ምርጫውን አገኘሁት። ደስ አለኝ፤ «ጠርዙን ሳትጨምር» የሚለውን መረጥኩ። ከዚያ በደስታዬ ላይ ሆኜ ሃምሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው ጋ ስላለቀ አዲስ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገዱ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ተከፍቶ ሲዘጋ ቆየን። ሲመጣ ተቆረጠ፤ በዚህኛው ዙር ብልጥ ሆኜ እዚያው ማሽኑ ላይ ክሩን ዘረጋሁበት። በሁለቱም በኩል ከቋጠሮው አልፎ ወጣ። ለአንድ በሽታ ሁለት መድኃኒት ሰጥቼ ነበር። የአዘዞው ሰውዬ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ እህህ ብሎ ሳለ፤ ሳቁን እየደበቀ መሆኑን አውቃለሁ። ቆርጠን እናስተካክለው እንዳንል ጠርዙ ይሄዳል። ሰሌዳውን ይዤ ስወጣ የሚኒባሱ ረዳት ለሰሌዳው ቦታ ትከፍያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ባለጌ መልስ መለስኩለት።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ ገባ። እናቴ ደወለች።

«ደረሰ?»

«ትንሽ ቀርቷል እማ። አሁን ችግሩን አግኝቼዋለሁ። ልኩን የሚቆጥርበት መንገድ ነው…»

«ውኃ ይዟል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። የተፈለፈለው ቦታ።»

«ምንም አይሆንም፤ ድንጋይ አይደል? ሰሌዳው ሲገባ ይደፈናል። አሁን አንድ ሰሌዳ ነው የቀረው፤ ሲመጣ ለክቼ፣ አረጋግጬ…» እያልኩ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ውስጡና ስለ ውጩ ማስረዳት ቀጠልኩ። እናቴ እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣ «እሺ ልጄ፣ በርቺ» ብላ ዘጋችው።

ሦስተኛው ልክ ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር ማመን ስለተውኩ በወረቀት አትሜ፣ ወረቀቱን በክር ለክቼ፣ ከዚያ ነው ያስቆረጥኩት። ክሩ ቋጠሮው ከሰሌዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ግማሹ ትራፊው ላይ እንደሚቀር አውቄ መስመሩን እጥፍ ስላወፈርኩት ጠርዙ ሙሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ፊደሉ የጠራ። በሥራዬ እንዲህ የኮራሁበት ጊዜ የለም። ለሙት ዓመቱ ዋዜማ፣ በዝናብ፣ ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ዳባት ድረስ፣ ከዚያም በጭቃው በእግሬ ሄድኩ። ቤት ስደርስ እናቴ የለችም፤ ቤተ ክርስቲያን ናት አሉኝ። ሳላርፍ ተከተልኳት።

አያ በመቃብሩ ዙሪያ የበቀለውን ሣር እያጨደ ነው። እናቴ ከጽዱ ሥር ተቀምጣለች። ድንጋዩ ላይ፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ የመጀመሪያው ሰሌዳ፣ ያ ትንሹ፣ መሐሉን ይዞ ተገጥሟል። ዙሪያው በነጭ ስሚንቶ ተሞልቷል።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «ማን ግጠሙት አላችሁ?» አልኩ፤ ጩኸቴ ለእኔም ተሰማኝ። «ይዤ እየመጣሁ አይደለም እንዴ? ይህን ሁሉ ጊዜ የደከምኩት ለምንድን ነው?»

አያ ማጭዱን አስቀመጠ። «አንች ልጅ፣ ምነው እንዲህ መቆጣት? ሸጋ አርጌ ነው የገጠምሁት። ነጭ ይሁን ያለችኝ እሷ ናት።»

«ልኩ አይደለም! አያ፣ ልኩ እንዳልሆነ እያወቃችሁ…»

እናቴ ነበረች ያቋረጠችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ጧት ጧት ስመጣ ውኃ ሞልቶት አገኘዋለሁ። በጣሳ ቀድቼ አፈስሰዋለሁ፣ በነጠላዬ አደርቀዋለሁ፤ በነጋታው ተመልሶ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ወፍ ይጠጣበታል። የአባትሽን መቃብር ክፍቱን ትቼ ቤቴ ገብቼ መተኛት አቃተኝ። ልኩ ጎደለ አልጎደለ፣ ይዘጋ አልሁት።»

በስልክ የነገረችኝ ይኸው ነበር። ውኃ ይዟል ብላኝ ነበር። እኔ ስለ ልክ ስነግራት ነበር። ንዴቴ የሚሄድበት ቦታ አጣ፤ በማን ላይ ላውለው? በፕሮግራሙ? በአዘዞው ሰውዬ? ምን ላድርግ ቸግሮኝ ክሩን ከኪሴ አወጣሁና ድንጋዩ ላይ ዘረጋሁት፤ ከነጩ ስሚንቶ የውጭ ጫፍ እስከ ውጭ ጫፍ። ቋጠሮ ለቋጠሮ። ስሚንቶው በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ አዘዞ ትራፊው ላይ የቀረውን የጠርዝ ግማሽ ቦታ ይዟል። ያ የተረገመ ፕሮግራም ጠርዙን ጨምሮ ሃምሳ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ጠርዙን ጨምሮ ሃምሳ ሆነለት።

«ጥለቱ ሰፋ ይበል ብዬሽ አልነበር?» አለች እናቴ። ስትስቅ ሳያት ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ጥቅሉን ፈታሁት። ሦስተኛውን ሰሌዳ አገላብጣ አየችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ከዚህ በኩል ምንም የለም» አለች።

«ባዶ ነው።»

«በዚህም በኩል መጻፍ ይቻላል?»

«ይቻላል፤ ሁለቱም ፊት አንድ ነው» አልኳት፣ ሳላስብ፣ የባለሙያ መልስ።

«እንግዲያ ለእኔ ይሁን። አስቀምጪው። ወንድሜ ከጎኑ በዚሁ ልክ ይፈለፍልልኛል፤ አንቺም ሁለተኛ አትደክሚም፣ ድንጋዩም ክፍቱን ውኃ አይጠጣም።» ይህን ያለችው የገበያ ዕቃ ስለማስቀመጥ በምትናገርበት ድምፅ ነው። ምን ዓይነት ወሬ ነው ብዬ ተቆጣሁ፤ አያ ወደ ሣሩ ተመለሰ። እሷ ግን ቀዩንና ነጩን ክር ከእጄ ወስዳ ሰሌዳው ላይ ጠመጠመችው። «ልኩ እንዳይጠፋ» አለችኝ።

ከነክሩ ይዤው ተመለስኩ። አሁን ፒያሳ ክፍሌ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። ፕሮግራሙን በከፈትኩ ቁጥር ቁጥሩ ጠርዝ ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር እየፈተሽኩ፣ እየተሳደብኩ፣ በማስመሪያ እያረጋገጥኩ እሠራለሁ። ያንን ሰሌዳ ግን አንድም ቀን አውጥቼ ለክቼው አላውቅም። ልክ እንደሆነ አውቃለሁ።